ሱቅ ከፊት፣ ቤተሰብ ከኋላ፦ ዝግጁው የጂ+1 ፕላን ሲገመገም

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ቦታ ያለው ሰው ግንባታ ሲያስብ አርክቴክት ቢሮ ከመሄዱ በፊት የቴሌግራም ቻናል ይከፍታል። «ጂ+1፣ ለ160 ካሬ፣ ሱቅና ኦፊስ ያለው» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ የኮምፒውተር ሥዕል፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር። ሲከፈል የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ሥዕሎች በአንድ ፋይል ይላካሉ። ከሻጭ ሻጭ የፊት ለፊት ጌጡና ቀለሙ ይለያያል እንጂ ውስጡ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። እዚህ የምንገመግመው ያንን በብዛት የሚዞረውን አቀማመጥ ስለሆነ የሻጭ ስም አንጠራም።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ቦታው ፊቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 16 ሜትር። ቤቱ በግራ በኩል የጎረቤትን ወሰን ተጠግቶ መስኮት በሌለው ግድግዳ ይቆማል፤ በቀኝ 2 ሜትር መተላለፊያ ይቀራል። መንገዱ ላይ በግራ 4 በ5 ሜትር የሆነ ሱቅ፣ ከጎኑ 6 በ5 ሜትር ግቢ ከነመኪና በሩ። ከሱቁ ኋላ 8 ሜትር ስፋትና 7 ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ዋናው ቤት ይጀምራል። በቀኝ በኩል 4 በ5 የሆነ ሳሎንና ከኋላው ኩሽና፤ በግራ በኩል፣ ልክ ከሱቁ ጀርባ ደረጃው፣ ቀጥሎ ትንሽ ኮሪደር፣ መጨረሻ ላይ አንድ መኝታ ቤት። ሽንት ቤቱ ከደረጃው ሥር ተሸጉጧል። ላይ ሦስት መኝታ፣ የቤተሰብ መቀመጫ፣ መታጠቢያ፣ በሱቁ አናት ላይ ደግሞ «ኦፊስ» ተብሎ የተጻፈ ክፍል። በስተኋላ ከቀረው 3 ሜትር ተኩል ውስጥ ሰርቪሱ ሁለት ሜትር ተኩሉን ይዞታል።

ለመኖሪያና ለሥራ በአንድነት ከተሠሩት ርካሽ ፕላኖች ውስጥ ይህ ከተሻሉት ይመደባል። የክፍሎቹ ስፋት ልከኛ ነው፤ ሱቁ መንገድ ላይ መሆኑ፣ ግቢው ሳሎን ፊት መሆኑ፣ ምድር ላይ አንድ መኝታ መተዉ ሁሉም በትክክል የታሰቡ ናቸው። ችግሩ ሥራው ከቤቱ በሚገናኝባቸው ቦታዎች ላይ ነው፤ በር፣ ደረጃ፣ ሽንት ቤት፣ ቆጣሪ፣ ጭስ። እነዚህ ደግሞ ግራድ ቢም (መሠረቱ ላይ የሚሞላው የኮንክሪት ቢም) እና ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ከተሞላ በኋላ ለመለወጥ እጅግ ውድ የሆኑት ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ደረጃው ነው። ሥዕሉ ላይ ደረጃው ለሳሎን ክፍት ሆኖ ይነሳል፤ ፎቶ ላይ ያምራል። ነገር ግን ላይ ያለውን ኦፊስ ፈልጎ የመጣ ደንበኛ፣ ተማሪ ወይም ልብስ ሊለካ የመጣ ሰው ሳሎን ገብቶ፣ ምሳ የሚበሉትን ሰዎች አልፎ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ደግሞ የቤተሰቡን መቀመጫ አቋርጦ ነው ሥራው ቦታ የሚደርሰው። በሁለት ወር ውስጥ ኦፊሱ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሳሎኑ የግራ ፊት ማዕዘን ላይ 1.5 በ1.5 ሜትር ቆርጦ ትንሽ መግቢያ መሥራት። ይህ ማዕዘን ከግቢው፣ ከሳሎኑና ከደረጃው ጋር በአንድነት ይገናኛል፤ ስለዚህ ሦስት በር ይወጣለታል። ሳሎኑ የሚያጣው 2 ካሬ ከሩብ ብቻ ነው። በኋላ ልጅ አግብቶ ላይ ቢኖር ወይም ፎቁ ቢከራይም ያው መግቢያ ያገለግላል። ላይ ሲደረስ ደግሞ ወደ ኦፊሱ የሚወስደው በር ከደረጃው ማብቂያ መከፈት አለበት። ኦፊሱ ከደረጃው ቀጥሎ ወደ መንገዱ በኩል ስለሆነ የቤተሰብ መቀመጫውን በግድግዳና በበር መለየት ብቻ ይበቃል።

ደረጃው ልኩም የተሳሳተ ነው። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ሆኖ 16 እርከን ይሰጡታል፤ የአንዱ ከፍታ 18.75 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፣ መርገጫው ደግሞ 25። ይህ ለሽማግሌ ጉልበት አይሆንም፤ ሊጥ ወይም የውሃ ጀሪካን ይዞ ለሚወጣም አደገኛ ነው። 18 እርከን ይሁን፤ ከፍታው 16.7፣ መርገጫው 28 ይሆናል። በየክንፉ 8 መርገጫ ስላለ ርዝመቱ ከ1.75 ወደ 2.24 ሜትር ያድጋል፤ ጭማሪው ግማሽ ሜትር አይሞላም፣ በዚያ በኩል ያለው 4 ሜትር ደግሞ ከነማረፊያው በቀላሉ ይችለዋል። ስፋቱን ከ1.10 ሜትር አያሳንሱ፤ ቁም ሳጥንና ፍራሽ የሚያልፈው በዚሁ ነው።

ከደረጃው ሥር የተሳለውን ሽንት ቤት ማንም ፎርማን ሊነግርዎ ይችላል፦ አይቆምበትም። ማረፊያው ከወለል 1.50 ሜትር ላይ ነው፤ የሶሌታውን ውፍረት 15 ሳንቲ ሜትር ሲቀንሱ 1.35 ይቀራል። ቁጭ ያለ ሰው ይችለው ይሆናል፣ ሲነሳ ግን ጭንቅላቱን ይመታል። ያ ቦታ የድግስ ድስት፣ ትርፍ ወንበርና ጀሪካን ማስቀመጫ ይሁን። እውነተኛው መታጠቢያ በደረጃውና በምድር ቤቱ መኝታ መካከል ባለው ኮሪደር ላይ 1.7 በ2.4 ሜትር ሆኖ ይሠራ። እዚያ መስኮት የለም፤ ስለዚህ እስከ ጣሪያ የሚወጣ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የአየር መውጫ ጉድጓድ ከሥዕሉ ጀምሮ መተው አለበት። የኮምፒውተር ሥዕሉ ላይ በግራው ግድግዳ የሚታዩትን ትንንሽ መስኮቶች አይመኑ። መስኮት ያለው ግድግዳ ከጎረቤት ወሰን 2 ሜትር መራቅ ስላለበት ወይ ፈቃድ ላይ ይሰረዛሉ፣ ወይ ጎረቤቱ ያስደፍናቸዋል። ደረጃው ራሱም በዚህ ምክንያት ቀን ሙሉ ጨለማ ነው፤ ጣሪያው ላይ 1 በ1 ሜትር የመስታወት ብርሃን ማስገቢያ፣ ዙሪያውን 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጠርዝ፣ ካልተደረገ መብራት ሁልጊዜ በርቶ ሊኖር ነው። ጠርዙ ከተረሳ ደግሞ በክረምት ያፈሳል።

የሱቁ ሠራተኛ የት ይሽና? ሥዕሉ መልስ የለውም። ስለሌለውም ሠራተኛው ሳሎን ገብቶ ይጠይቃል፣ ወይም ግቢው ጥግ የማይሆን ነገር ይሆናል። የሱቁን የኋላ 1.1 ሜትር ቆርጠው ግማሹን ዕቃ ማስቀመጫ፣ ግማሹን በሩ ወደ ግቢ የሚከፈት ሽንት ቤት ያድርጉት። ሱቁ ከ20 ካሬ ወደ 15 ካሬ ከግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ለሸቀጥ፣ ለፋርማሲ ወይም ለልብስ ስፌት ይበቃል። ይህ አንድ ሽንት ቤት ሱቁን፣ ዘበኛውን፣ ለቅሶ ደራሹን ሁሉ ያገለግላል፤ ማንም ጫማውን አውልቆ ቤት አይገባም። ላይ ደግሞ የኦፊሱ ሽንት ቤት ልክ በዚህ አናት ላይ ይቀመጥ። አሁን ባለው ሥዕል የላይኛው ሽንት ቤት ከሱቁ መሃል በላይ ነው፤ 110 ሚሊ ሜትሩ የፍሳሽ ቱቦ በሱቁ ኮርኒስ ውስጥ ተጋድሞ ያልፋል ማለት ነው። መጋጠሚያው አንድ ቀን ያለቅሳል፣ ሥሩ ያለው ደግሞ ዱቄትና ስኳር ነው።

ሱቁ ውስጥ ዛሬ ውሃ ባያስፈልግም፣ ሊሾ ከመፍሰሱ በፊት አንድ 110 ቱቦ ከወለሉ ሥር ቀብረው አፉን ደፍነው ይተዉት። ነገ ፀጉር ቤት ወይም ቡና ቤት ሊሆን ይችላል። ዘንበሉ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ለ5 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ማንሆሉም በዚያ ልክ ይቆፈራል። ፀጉር ቤት ከታሰበ ማንሆሉ ላይ ፀጉር የሚይዝ ወንፊት፣ ምግብ ቤት ከታሰበ የቅባት መያዣ ጉድጓድ ይጨመርበት።

የሱቁ ወለል ከቤቱ ጋር እኩል 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ለሱቅ ይህ ብዙ ነው፤ ሦስት ደረጃ መውጣት ያለበት ደንበኛ ጎረቤት ይገዛል። ከመንገዱ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ የላይኛው ሶሌታ ሳይነካ ሱቁ 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያተርፋል፣ ለመደርደሪያም ለታፔላም ይጠቅማል። ግን አንድ ጥንቃቄ፦ መንገዱ ገና አፈር ከሆነ ከፍታውን ከአሁኑ አፈር አይለኩ። ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ይላል፣ ያኔ ጎርፉ ሱቅ ውስጥ ነው።

ከሱቁ ወደ ግቢ የሚወጣው የጎን በር ጥሩ ሐሳብ ነው። እናት ወጥ ጥዳ ሱቅ የምትጠብቅበት ቤት ያለዚህ በር አይሠራም። ሱቁ ሲከራይ ግን ተከራዩ በእናንተ ግቢ ተመላላሽ ይሆናል። ስለዚህ በሩ ላይ ሙሉ አርኪትራቭ (ከላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከም የኮንክሪት ቢም) ይሠራ፤ መዝጋት ሲያስፈልግ በብሎኬት ይደፈናል፣ መክፈት ሲያስፈልግ ይፈርሳል፣ ግድግዳው አይሰነጠቅም። ብረት በር ሆኖ መቀርቀሪያው በግቢው በኩል ይሁን።

ድምፅን በሚመለከት ሥዕሉ ምንም አላሰበም። በኦፊሱና በዋናው መኝታ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ነው የተሳለው፤ ስልክ የሚያወራ ሰው ቃል በቃል ይሰማል። 20 ብሎኬት ይሁን፣ በሁለቱም ፊት ይለሰን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እስከ ሶሌታው ወይም ጣሪያው ድረስ ይውጣ። ግንበኛ ኮርኒሱ የሚሸፍነውን ከላይ ያለውን ክፍተት መተው ይወዳል፤ ድምፁ የሚያልፈው በዚያ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ የገበያ በር ደግሞ ወፍራሙን ግድግዳ ከንቱ ያደርገዋል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ሥዕሉ አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው ያሳየው። የሱቁ ለብቻው ይሁን፤ ሱቁ ንግድ ነው፣ ተከራይ ሲገባም የካርድ ሒሳብ ጠብ ያስነሳል። ምጣዱ ደግሞ ራሱን የቻለ መስመር ይፈልጋል። 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይጎትታል። ሥዕሉ ላይ ግን ከሌሎች ሶኬቶች ጋር በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር ተያይዟል፤ ማቀዝቀዣው ወይም ካውያው ሲጨመር ወይ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ወይ ሶኬቱ ይቀልጣል። ለምጣዱ ብቻ ከቦርዱ (ከመብራት ማከፋፈያው) የሚነሳ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከርና ምድር የተቀበረ ኧርዝ ይሁንለት። እንጀራ ጋግሮ መሸጥ የታሰበበት ቤት፣ ምጣዱ ሦስት አራት ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ መጠየቅ ነው።

ኦፊሱ የራሱ ትንሽ ቦርድና ባትሪ ቢኖረው መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ያለው አንድ ጄል ባትሪ በስሌት 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ 1,200። ላፕቶፕ 60 ዋት፣ ራውተር 10፣ አራት አምፖል 36፤ ድምሩ 106 ነው። ኢንቨርተሩ የሚበላውን ቀንሰን 9 ሰዓት አካባቢ ያስኬዳል። ቦርዱ ካልተለየ ግን ያው ባትሪ የቤቱን ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ሲሸከም ይውላል። ከመንገዱ እስከ ኦፊሱ ደግሞ አንድ ባዶ ኮንዲዊት (ገመድ ማሳለፊያ ቱቦ) ግድግዳ ውስጥ ይቀበር፤ ፋይበር ሲመጣ ልስን አይፈነቀልም።

አሁን ወደ ሳሎኑ። ሻጮቹ ሳሎን ሲስሉ ባለ ሰባት ሰው ኤል ሶፋ አስቀምጠው መሃል ላይ ጠረጴዛ ይዘረጋሉ። የእኛ ሳሎን ግን የሚፈተነው በክርስትና፣ በማኅበር፣ በለቅሶ ቀን ነው። ከመግቢያው ተርፎ በሚቀረው የኋላና የቀኝ ግድግዳ ላይ መጅሊስ ቢዘረጋ፣ ማዕዘኑንና የኩሽናውን በር ቀንሰን 7.4 ሜትር መቀመጫ ይገኛል፤ ለአንድ ሰው 55 ሳንቲ ሜትር ብንይዝ 13 ሰው ነው። የቀረውስ? የቀረው ግቢው ነው። የሳሎኑ ፊት ከመግቢያው በኋላ 2 ሜትር ተኩል ይቀረዋል፤ እዚያ ላይ በሥዕሉ ያለው መስኮት ቀርቶ 1.6 ሜትር ባለ ሁለት ክንፍ በር ቢገባ፣ ሳሎኑና 30 ካሬው ግቢ አንድ ላይ 48 ካሬ ገደማ ይሆናሉ። ለዚህ ሲባል ግቢው ላይ የሚሳሉት የአበባ መደቦችና የመኪና መጠለያ ምሰሶዎች ይነሱ። የእድሩ ድንኳን በሙሉ ባይገባም ሸራ ከሱቁ ግድግዳ ወደ አጥሩ ይወጠራል፤ ለዚያ የሚሆኑ የብረት ቀለበቶች ልስኑ ሳይደርስ በግድግዳው ላይ ቢቀበሩ ሁልጊዜ ሚስማር ከመምታት ይገላግላል። የመኪና በሩም ወደ ውስጥ ከሚከፈት ተንሸራታች ቢሆን ይሻላል፤ ወደ ውስጥ የሚከፈተው ወንበር የሚደረደርበትን ቦታ ይበላል።

ሰርቪሱ የተለጠፈው በግራ፣ ከምድር ቤቱ መኝታ ፊት ለፊት ነው፤ መካከላቸው 1 ሜትር ብቻ። የምጣዱ እንፋሎትና የበርበሬው ጢስ በቀጥታ በመስኮቱ ይገባል፣ ያ ክፍል ደግሞ በአብዛኛው የእማማ ወይም የአባባ ነው። ሰርቪሱ 5 ሜትር ርዝመቱን ይዞ ወደ ቀኝ ማዕዘን ይሂድ። መኝታው 3 ሜትር ተኩል ባዶ ጓሮ ያገኛል፤ ኩሽናውና ሰርቪሱ ይጋጠማሉ፤ ያቺ 1 ሜትር ከላይ በቆርቆሮ ብትሸፈን በዝናብ ሞሰብ ተሸክሞ የሚሮጥ አይኖርም። ኩሽናው ብርሃኑን ከ2 ሜትሩ መተላለፊያ ያገኛል። የምድር ቤቱ መኝታ በር 90፣ የመታጠቢያው በር 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሥዕሉ ላይ ያለው 70 በምርኩዝም በተሽከርካሪ ወንበርም አያሳልፍም።

የውሃ ታንከሩ ቦታ በሥዕሉ ላይ ከዋናው መኝታ ኮርኒስ በላይ ነው። 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ነው፤ በደረጃው ዙሪያ ባሉት ምሰሶዎች ላይ ይቀመጥ፣ የስትራክቸር ስሌቱም ይህን ይጨምር። ለአምስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ በቀን 60 ሊትር ብንል ስድስት ቀን ከግማሽ ያህል ያቆያል፤ ፀጉር ቤት ካለ ይህ ስሌት ፈርሷል፣ ለሱቁ የራሱ ታንከር ያስፈልጋል።

የስትራክቸሩን ወረቀት ግን ጨርሶ አትጠቀሙበት። መሠረቱ የተሰላው ቦታችሁን ባላየ ሰው ነው። ቦሌ፣ ሲኤምሲና አቃቂ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ካልተነሳና በሰሌክት ማቴሪያል (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) ካልተተካ መጀመሪያ የሚነሳው የሱቁ ወለል ነው፣ ምክንያቱም ቀላሉና ለጎርፉ ቅርቡ እሱ ነው። የአፈር ምርመራ ተደርጎ ባለ ፈቃድ መሐንዲስ እንደገና ያስላው፤ ለግንባታ ፈቃድም ቢሆን የእሱ ፊርማና ማኅተም ይጠየቃል። ከዚያም በፊት ካርታው ላይ የተጻፈውን አገልግሎት ይዩ። «መኖሪያ» ብቻ ከሆነና አካባቢው ለቅይጥ ካልተመደበ ሱቁን ፕላን ስምምነት (ከግንባታ ፈቃድ በፊት የሚሰጠው ማረጋገጫ) ላይ ያወጡታል፤ ሱቅ የሌለው የሱቅ ፕላን ደግሞ ገንዘቡን አያወጣም።

ሲገዙ ሻጩን አንድ ነገር አስቀድመው ይጠይቁ፦ ፋይሉ በአውቶካድ ነው ወይስ በፒዲኤፍ? በፒዲኤፍ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ከላይ የዘረዘርነውን ማስተካከያ ለመሥራት ሌላ ባለሙያ ከባዶ መሳል አለበት፤ ያኔ ለሁለት ፕላን ነው የሚከፍሉት። በአውቶካድ ከሰጡ ግን ለማስተካከያው ብቻ ከፍለው፣ ቦታውን በሜትር ለክቶ በሚያስተካክል አርክቴክት እጅ ያስገቡት።